ወንፊት ላይ የቀረ ቃል

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሙንዲር፣

እንዴት ከርመሃል? ሳቢሃስ ደህና ናት? ራጂያስ አደገች? እንኳን ለረመዳን አደረሳችሁ። እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ዘንድሮም እንደ አምናው የናንተና የኛ ጾም ገጥሞ፣ ከተማው ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ ይውላል። እኔ ግን አፌን ከዘጋሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጾም ይሁን ኃጢአት አንተ ትፈርደዋለህ።

ስልኬን እንደማታነሳ አውቃለሁ። ባታነሳም አልቀየምህም። ብታነሳው ኖሮ ጤናህን ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋው ነበር እንጂ ይህን በአፌ አልናገረውም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የሚኒባስ ሹፌሩ ክንፈሚካኤል ነው። አሽጌ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ በእጁ ስጠው ብቻ አልኩት። ቃል በሰው አፍ መላክና መላላክ ትቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ከጀመርኩ ግን መጨረሻው ሳልደርስ ልቤ ይከዳኛል። ስለዚህ የመጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርህ። ለደጀኔ እንድነግርልህ የላክኸኝን ቃል አልነገርኩትም። ተመልሼ ነግሬዋለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። ደጀኔ አንተን ንቆ አልሞተም። ያልከውን ሳይሰማ ነው የሞተው።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠህ ወጣ ብትል አልፈርድብህም። ስትመለስ ግን ቀሪውን አንብበው፤ ከዚህ የባሰም አለው።

አንተና ደጀኔ በዚያች በቡሬ መውጫ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታችኋል። ስትከፍቷት የመረቅኳችሁ እኔ ነኝ። አንተ ጁምዓ ስትሄድ እሱ የጀመርከውን ይጨርሳል፤ እሱ በበዓል ሲቀር አንተ የሱን ትይዛለህ። ደንበኛ ስድባችሁን ሰምቶ የተጣላችሁ እየመሰለው ስንቴ ሊገላግል ተነስቷል። እኔ በራችሁ ላይ ባለችው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስስቅባችሁ የዋልኩበት ቀን ከቁጥር በላይ ነው። ግሬደር ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው የዘይት ሽታ ካልሸተተው አይውልለትም።

ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከደጀኔ እናት ከእትዬ ሀብትነሽ መንገድ ነው። ታስታውሳለህ። ደጀኔ በነጯ አውቶሞቢል እናቱንና አራት ዘመድ ጭኖ ወደ ገበዝ ማርያም ለልቅሶ ሲወጣ፣ አቀበቱ ላይ መኪናዋ ትንፋሽ አጠራት። ሰው አወረደ። አሁንም እምቢ አለች። እናቱንም አወረዳቸው። እትዬ ሀብትነሽ ጋቢያቸውን አጣፍተው መኪናዋን እየተከተሉ በእግራቸው ሲወጡ፣ አህያ የሚነዳ አንድ ሰውዬ ደረሰባቸውና፣ እናቴ፣ መኪናዋን የት ድረስ ነው የሚሸኟት አላቸው። ወሬው ከነሱ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገባ። አንተማ አንድ ሳምንት ሙሉ ደጀኔ በገባ ቁጥር፣ የተሸኘችው መኪና ደህና ገባች ወይ እያልክ ትጠይቀው ነበር።

እሱ ግን አልሳቀም። ሞተሯ ጉልበት አጥታ አይደለም፣ አገራችን ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳስቶባት ነው አለ። አየር የሚጨምርላት ነገር አለ አለ። አዲስ አበባ ወርዶ ከፈረሰ መኪና የወጣ ሱፐርቻርጀር በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። መጀመሪያ ሳየው የወፍጮ ዕቃ መስሎኝ ነበር። ከሞተሩ ጎን ታስሮ፣ በቺንጋ እየዞረ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ነገር መሆኑን በትዕግሥት ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። አትካድ፣ መጀመሪያ አንተም ወደኸዋል። ቺንጋውን ልክ ያስገባህለት አንተ ነህ። ሞተሩ ተነስቶ ያን ቀጭን ፉጨት ሲያፏጭ ሁለታችሁ እንደ ሕፃን ተቃቅፋችሁ ስትዘሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ አንተ ከሥሯ ገባህ። ከሥሯ ስትወጣ ፊትህ ሌላ ነበር። ሞተሩ ያገኘው ጉልበት ዝም ብሎ ጎማ ጋ እንደማይደርስ፣ በፍሪሲዮንና በካምቢዮ አልፎ በመኪናዋ ሆድ ሥር በተጋደመው ረጅም ዘንግ እንደሚሄድ፣ ያ ዘንግና ዘንጉን ከካምቢዮው የሚያያይዘው ክሮቸራ ደግሞ ለድሮው ጉልበት እንጂ ለአዲሱ እንዳልተሠሩ ነገርከው። ሳይሰማህ ሲቀር፣ የገበሬ ልጅ ሆነህ በሬ ለውጠህ ሞፈር ካልለወጥክ ሞፈሩ እንደሚሰበር አታውቅም ወይ አልከው። ያችን ያልካት ሰው ፊት ነው። እሱም የሱቅ ልጅ ስለ ሞፈር ሊያስተምረኝ ነው አለ። አንተ እንዲህ የሚሠራ እጅ ይቆረጥ አልክ። እሱ ከጋራዤ ውጣ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግስቱ የራስህን ቁልፎች ለቅመህ ከመናኸሪያው ጀርባ ሄደህ ብቻህን መሥራት ጀመርክ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከጸባችሁ በኋላ ደጀኔ እኔንና እናቱን ጭኖ ያንኑ የገበዝ ማርያም አቀበት ወጣ። እኔ ከፊት ነበርኩ። መኪናዋ አቀበቱን ሽቅብ ስትበላው፣ እውነቴን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። እትዬ ሀብትነሽ ባለፈው የወረዱባት ቦታ ስንደርስ ከኋላ እልልታቸውን አቀለጡት። ልክ በዚያች ሰዓት ከጫማዬ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር ተሰማኝ። ፍጥነት ሲጨምር ይጠፋል፤ ማርሽ ሲቀይር ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ግሬደር የነዳ ሰው ያን ድምፅ አያጣውም። የላላ ክሮቸራ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩና እልልታውን ሰማሁ። በእናት እልልታ መሃል ክሮቸራህ ላልቷል አይባልም ብዬ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ስንወርድ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ስንወርድ ደግሞ እናቱ ይመርቁት ነበር።

እንግዲህ ሳቢሃና ያምሮት ተመካክረው እኔ ቤት መጡ። ባሎቻችን በየቤታቸው እህል መብላት ትተዋል፣ እርስዎ ካላስታረቋቸው ማን ያስታርቃቸዋል አሉኝ። ኮራሁ። አባቴ አስታራቂ ነበር፤ እኔም ከሱ ወርሼ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ድንበርተኛና ድንበርተኛ አስታርቄያለሁ። አንድም አልከሸፈብኝም። አባቴ ያስተማረኝ ሕግ አንድ ነው፤ አስታራቂ ወንፊት ነው ይለኝ ነበር። ሻካራው እላዩ ላይ ይቀራል፤ ልሙ ብቻ ያልፋል። አንዱ የተናገረውን ክፉ ቃል ለሌላው አታሻግርም። በዚህ ሕግ ስንት ቤት አቁሜያለሁ። የአንተንና የደጀኔን ያፈረስኩትም በዚሁ ሕግ ነው።

ረቡዕ ዕለት አንተ ጋ መጣሁ። የፈታኸውን ካምቢዮ በጋዝ እያጠብክ ነበር። እጅህን ጠረግክ፣ ቆምክ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ተናገርክ። አንዲት ቃል አልረሳሁም።

«ጋሼ ባዬ፣ ይህችን ቃል በቃል ይንገሩልኝ። ያ ድንጋይ ራስ እኔን ባይሰማ ክሮቸራውን ይስማ። የፊተኛው ላልቷል፤ በዚህ ስታልፍ ድምፁን ሰምቻለሁ። አዲስ ሳይገጥም፣ ከዘንጉም ሥር የሚይዘው የብረት ቀለበት ሳያስር፣ ከከተማ እንዳይወጣ። ከወጣ ዘንጉ ወድቆ አስፋልት ይወጋል፤ ያኔ መኪናዋን ፍሬን አያቆማትም። እጁ ከጭንቅላቱ የፈጠነ ሰው ነው ብሏል ይበሉት።»

እሺ አልኩህ። ከመናኸሪያው ጀርባ እስከ ደጀኔ ጋራዥ ድረስ ያለችውን መንገድ ታውቃታለህ፤ ሩብ ሰዓት አትፈጅም። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነፋሁት። ድንጋይ ራስ የሚለው ቀረ። እጁ ከጭንቅላቱ የፈጠነ የሚለው ቀረ። ከነሱ ጋር ተጣብቆ የክሮቸራው ነገርም ቀረ። ሥራህ አይታመንም እንደማለት ነውና ስድቡን አውጥቼ ይህን ብነግረው ያው ስድብ ሆኖ ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ። እሁድ ፊት ለፊት ሲገናኙ ራሱ ይነግረዋል አልኩ። አራት ቀን ምን አላት አልኩ።

ደጀኔን ሙንዲር ናፍቆሃል፣ ሥራ ብቻውን አልገፋ ብሎታል፣ ቂም የለውም አልኩት። በዘይት ጨርቁ ፊቱን ጠረገ። ጠረገው፣ ጠረገው፤ ጨርቁን ከዓይኑ ላይ ማንሳት አልቻለም። ሲያነሳው ጠየቀኝ።

«ስለ መኪናዋስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አልኩት።

ሙንዲር፣ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ተጠይቄ ነው የዋሸሁት። ለምን ብትለኝ፣ ሰውየው እያለቀሰ ነበር፣ እርቁ ደግሞ ከእጄ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ብጨምር ያ የረጠበ ዓይን ተመልሶ እንዳይደርቅ ፈራሁ። ስሜንም ወደድኩ። አንድም አልከሸፈብኝም የምላት ነገር እንዳትቀርብኝ።

የባሰው የሚመጣው አሁን ነው። እሱም ቃል ላከ።

«ምንም ካላለማ ደህና ናት ማለት ነው። ሙንዲር አፉ ክፉ ነው እንጂ ዓይኑ አይስትም። ቢሆንም ጋሼ ባዬ፣ ያ ፈሪ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣና ከሥሯ ይግባልኝ። እሱ ሳያያት ልቤ አይረጋም። ከቀረ ግን የሚያሰጋ ነገር ባያይባት ነው ብዬ ወደ ቡሬ እነዳታለሁ። እንዲህ ብለው ይንገሩት።»

ይህም ወንፊቱ ላይ ቀረ። ፈሪ የምትል ቃል ስላለችበት። አንተ ፈሪ መባልን እንዴት እንደምትጠላ አውቃለሁ። አንተ ጋ ተመልሼ ናፍቆሃል፣ እሁድ ፀሐይ ስትጠልቅ እኔ ቤት ተገናኙ አልኩህ። አንተም ጠየቅኸኝ፤ ስለ ዘንጉ ነገሩት ወይ አልከኝ። ነግሬዋለሁ አልኩህ። ምን አለ አልከኝ። ይታሰብበታል ብሏል አልኩህ። አንገትህን ነቀነቅክና ካምቢዮውን ወደማጠብ ተመለስክ። ሁለታችሁም ጠየቃችሁኝ። ሁለታችሁም ስለዚያች ብረት አንድ ሐሳብ ነበራችሁ። በመካከላችሁ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የእርቁን ማዕድ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ጾም ባይሆን እንኳ የናንተን ሥጋ እኛ አንበላ፣ የኛን እናንተ አትበሉ፤ ማርና ዳቦ ይሁን አልኩ። ማሩን ደጀኔ ከቡሬ አመጣለሁ አለ። ያምሮት እንደነገረችኝ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ መኪናዋን ከጋራዡ ደጅ አቁሞ፣ እኔ በምቀመጥባት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ በመናኸሪያው በኩል ያለውን መንገድ ሲያይ ቆየ። እስከ አራት ሰዓት ጠበቀህ። ከዚያ ካልመጣ ነገር የለም ማለት ነው ብሎ ተነሳ። አንተ በዚያች ሰዓት ከእሱ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ብሎን ታጠብቅ ነበር።

ማሩን ገዝቶ ሲመለስ ማንኩሳን አልፎ ክሮቸራው ተበጠሰ። ሌላው አንተ እንዳልከው ነው የሆነው።

እኔና አንተ አንድ ላይ ነበር የደረስነው። ደጀኔን ወስደውት ነበር። የማሩ ጀሪካን ፈንድቶ አስፋልቱ ላይ ተንጣሎ፣ ንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ ሰፍሮበት ነበር። ሹፌሮች መስኮት እየዘጉ፣ እየቀነሱ ያልፋሉ። አንተ ንቡን ከቁብ ሳትቆጥር ከተገለበጠችው መኪና ሥር ገባህ። ስትወጣ የክሮቸራው ግማሽ መዳፍህ ላይ ነበር። ወደኔ ዞርክ።

«ነግረውት ነበር አይደል፣ ጋሼ ባዬ?»

«አዎ» አልኩህ።

«እንግዲያ ንቆኝ ነው የሞተው» አልክ።

ይኸው ሦስተኛው ውሸቴ ነው። ያን ጊዜ እንኳ አልነገርኩህም። ደጀኔ ገና አልተቀበረም ነበር፤ እውነቱን ብናገር ቢያንስ አንተ ልታለቅስለት ትችል ነበር። ልቅሶው ላይ ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ መጥተህ ሳትገባ ስትመለስ አይቼሃለሁ። ሰው ጨካኝ አለህ። እኔ አልከላከልኩልህም።

ያምሮት ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰች፣ ሙንዲር ክፉውን እያየ ዝም አለ፣ ስለ መኪናዋ ምንም አላለም ብለው ጋሼ ባዬ ነግረውታል፣ እኔ ፊት ነው ደጀኔ ይህን ያለው አለች። ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩ መሰላቸው። ምስኪን፣ ሊያስታርቁ ስንት ለፍተው ነበር ብለው ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጡኝ። አንተ ለወዳጅህ ሳትነግር የቀረህ ቂመኛ ሆንክ፤ ለምን እንደሚሸሹህ ግን በፊትህ የነገረህ አልነበረም፤ እኔ የተከበርኩ ሽማግሌ ሆንኩ። በወሩ ቤትህን ጭነህ ወደ ጢስ ዓባይ ሄድክ። እዚያ የውኃ ፓምፕ እንደምትጠግን ክንፈሚካኤል ነገረኝ። መኪና አልነካም ብሏል አለኝ። ያን ጊዜም ደህና ነው፣ ፓምፕ ሥራ አለው አልኩ።

እኔ እንዴት እንደከረምኩ ልንገርህ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከጫማዬ ሥር ጠቅ ይላል። ጫማ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ባዶ እግሬን ተቀመጥኩ፤ ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ በዕድሜዬ ስቀመጥ፣ ከንጣፉ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ። ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ የደም ግፊት ነው አሉኝና ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑን እውጣለሁ፤ ክሮቸራ የሚያጠብቅ ክኒን ግን የለም። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከቡሬ በኩል ያች ቀጭን ፉጨት ትመጣለች። ቆርቆሮ ነው ይሉኛል። ይሁን። እኔ ግን ወጥቼ መንገዱን ሳላይ አልመለስም።

ማስታረቅም አልሆነልኝም። ስመኘው የሚባል ጎረቤታችን ከሚስቱ ተጣልቶ መጡብኝ። እምቢ ብላቸው ለመኑኝ። እንግዲህ ከአሁን ወዲህ አላስቀርም ብዬ፣ እሱ ያለውን ለሷ፣ እሷ ያለችውን ለሱ፣ አንዲት ፊደል ሳላጎድል አመላለስኩ። አንተን የመሰለ ሰው ቢያይ ይስቅ ነበር። እሷ እናቷ ቤት ገባች። እስካሁን አልተመለሰችም።

የሙት ዓመቱ የፊታችን እሁድ፣ የካቲት 29 ነው። ጾም ስለሆነ በዳቦና በንፍሮ ይታሰባል። ያምሮት ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ሥራዋ ስትወጣ ቤቴ ጎራ አለችና፣ በዕለቱ ስለ ደጀኔ የሚናገሩልን እርስዎ ነዎት፣ ለእርቁ የለፉት እርስዎ ነዎት አለችኝ። በዚያች ሰዓት ከእግሬ ሥር ጠቅ ማለቱ ቆመ። ሲቆም የባሰ አስፈራኝ። ተቀመጪ አልኳትና ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት።

አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። እንዲህ ብቻ አለች።

«አንድ ዓመት ሙሉ ልጄን አደይን የአባትሽ ጠላት ሙንዲር ነው ብዬ አሳደግኋት። ከራጂያ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ከእጇ ነጥቄ ቀድጄዋለሁ። እኔ ምን ብዬ ልመልሳት? እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።»

አመጣቻት። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኗ የአባቷ ነው። አጠገቤ አስቀምጬ፣ አጎትሽ ሙንዲር አባትሽን እንዳይሄድ ብሎ ነበር፣ በኔ ነበር የላከው፣ እኔ አልነገርኩትም አልኳት። አሰበች። ከዚያ ረስተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ መውጫ እየሰጠችኝ እንደሆነ ይገባኛል። አዎ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልረሳሁም አልኳት። እናቷን አየችና ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ሰላም አትለኝም። ልክ ናት።

ሙንዲር፣ ይቅርታ ብዬ አልለምንህም። ይቅርታ የሚለመነው በሽማግሌ ነው፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ለመላክ አፍሬያለሁ። እሁድ ግን በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆሜ ያልከውንም፣ ያለውንም፣ የዋሸሁትንም እናገራለሁ። አንተ ብትመጣም ባትመጣም እናገራለሁ። ያምሮት አንተ እንድትመጣ ትፈልጋለች። ይህን እኔ አልጨመርኩትም፤ እንደማታምነኝ ስለምታውቅ በራሷ እጅ ጽፋ ከዚህ ጋር አሽጋዋለች። እኔ አላነበብኩትም። ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም፤ ክፉም ይሁን ደግ እንዳለ ይድረስህ። መልስ ካለህ ለኔ አትስጠኝ፤ ለሷ ራስህ ስጣት።

ደጀኔ ደግሞ አልናቀህም። ከሰው ሁሉ መርጦ ያንተን ዓይን ነበር የጠበቀው። እስከ አራት ሰዓት። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ብትረሳ ይህችን አትርሳብኝ።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው እስኪበተን ቆይቼ መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። ቆቤን አወለቅኩ። ያንን የረቡዕ ቃልህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድንጋይ ራሱንም፣ ከጭንቅላቱ የፈጠነውን እጁንም፣ ክሮቸራውንም፣ ቀለበቱንም፣ ሳልነፋ፣ ሳላለሰልስ፣ ልክ አንተ እንዳልከው ጮክ ብዬ ነገርኩት። አንድ የቆሎ ተማሪ ያበደ ሽማግሌ መስዬው ገለል አለልኝ። ነግሬ ስጨርስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ መልሱን ጠበቅኩ፤ ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ።

ምን አለ ብትለኝ፣ ምንም አላለም። አሁንስ እውነቴን ነው።

ቃልህን ያስቀረብህ፣
ባዬ